ሂቢስከሱን ከመንቀላችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ሂቢስከስ ያላየ ሰው የለም። በየአጥሩ፣ በየሆቴሉ በር፣ በመንገዱ ዳር ቀይና ሮዝ ሆኖ የሚፈካው ሰፊ አበባ ነው። ለሻይ የምናፈላው ከርከዴ ዘመዱ ቢሆንም የማወራው ስለ ግቢው ጌጥ ነው። ሰሞኑን «የእኔ ቅጠል ብቻ ሆነ»፣ «እምቡጡ ሳይፈካ ይረግፋል»፣ «ቢጫ ሆኖ ቀረ» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ለአንዱም ለአንዱም በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

የማምንበትን መጀመሪያ ልናገር። ሂቢስከስ አላብብ ሲል ማዳበሪያ የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ሥሩ፣ ከዚያ መቀስ። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ተክሉ ትንሽ ገርጣ ሲል ገጠር ላለ ዘመድ ተደውሎ አንድ ጣሳ ዩሪያ ይመጣል።

አክስቴ ቤት ያለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ቁመት እንጂ አበባ አላሳየም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። «ልጄ፣ ይኸ ነገር ከንቱ ሆነብኝ፣ ነቅዬ ጌሾ ልተክልበት ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ አይንቀሉት» ብዬ ዙሪያውን አየሁት። ማንጎው አድጎ ከላይ ሸፍኖታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ አዲስ የተሠራው ሰርቪስ ቤት የጠዋቷን ፀሐይ ከልክሎታል። ቀን ሙሉ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ የምትመጣውን አጭር ፀሐይ ብቻ ነበር። የዘመመውም ብርሃን ፍለጋ ነው።

ሂቢስከስ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። በጥላ ሥር አይሞትም፣ እንዲያውም ቅጠሉ ያምራል፣ ሰውን የሚያታልለውም ይኼው ነው፤ ለማበብ ግን አቅም አያገኝም። ቤት በምትውሉበት ቀን ከጠዋት ጀምራችሁ በየተወሰነ ሰዓቱ እየወጣችሁ ፀሐይ አርፎበት እንደሆነ እዩ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም። በነገራችን ላይ ክረምት ላይ፣ ደመናው ሲከብድ፣ ጥሩ ቦታ ያለውም አበባው ይቀንሳል። በሐምሌና በነሐሴ ስላላበበ ብቻ አትጨነቁ። አንዱ አበባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ትናንት ፈክቶ ዛሬ ቢጠወልግ በሽታ አይደለም።

እትዬ ማንጎውን ማስቆረጥ አልፈለጉም፣ እውነታቸውን ነው። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ብቻ አነሳንለት። ያ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ሥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ጎጃም የራሱ ጉዳይ አለው። ባሕር ዳርና አካባቢው ብዙ ቦታ ላይ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይይዝና አይለቅም፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ሥሩ አየር ሲያጣ ይበሰብሳል፣ የታች ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ቅርንጫፉ ይዝላል። ያየው ሰው «ውሃ ጠማው» ብሎ ሌላ ባልዲ ይጨምርበታል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው፤ ተክሉ በሚወደው ሰው እጅ ነው የሚሞተው። ለመለየት ቀላል ነው። ከአጠገቡ አንድ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በማግሥቱም ውሃው እዚያው ካለ አፈሩ አያሰርግም ማለት ነው። መፍትሔው ገበሬው እርሻው ላይ የሚያደርገው ነው፤ ውሃ ማፋሰሻ ቦይ ማውጣት። አዲስ የምትተክሉ ከሆነ ደግሞ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ ኮምፖስትና ትንሽ አሸዋ ደባልቃችሁ ትከሉ።

ወደ እንጅባራና ወደ ደብረ ማርቆስ ስትወጡ ብዙ ቦታ ላይ አፈሩ ቀይ ነው፤ ውሃ ያሰርጋል፣ ግን አሲዳማ ነው። ገበሬዎች ኖራ የሚበትኑትም ለዚህ ነው። ሂቢስከስ ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 6.8 ቢሆን ደስ ይለዋል፣ በጣም አሲዳማ ሲሆን ግን ምግቡን ከአፈሩ መውሰድ ያቅተዋል። እዚያ አካባቢ ከምድጃ የወጣ አመድ አልፎ አልፎ አንድ እፍኝ ቢበተን ይጠቅማል። አፈሩ አሲዳማ ባልሆነበት ግቢ ግን በየሳምንቱ አመድ እየደፉ «ተባይ ይከላከላል» ማለት ጉዳት አለው። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ አይረን (ብረት) አጥሮታል። አመድ የበዛበት አፈር ደግሞ አይረኑ ቢኖርም ለተክሉ አይለቅለትም።

አሁን ወደ መቀሱ። ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ይህቺን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል። ያልተገረዘ አሮጌ ተክል አዲስ ቅርንጫፍ አያበዛም፣ ስለዚህ አበባውም ያንሳል። ጊዜው ዝናቡ ሲያበቃ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት። የደረቀውንና የታመመውን አውጡ፣ የቀረውን ሲሶ ያህል አሳጥሩ፣ ወደ ውጪ ከሚያይ ቡቃያ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሸርተት አድርጋችሁ ቁረጡ። መቀሱ ስለታም ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን። ተክሉ በጣም የደከመ ከሆነ ዘንድሮ ግማሹን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጡ፣ ሌላውን አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ትመለሱበታላችሁ።

እትዬ ሲገረዝ ሲያዩ «ኧረ ገደልከው!» ብለው ጮኹብኝ። እውነትም ለጊዜው ያስፈራል። ከተገረዘ በኋላ አበባ ለማየት ከሁለት እስከ ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። የእሳቸው በጥቅምት ተገርዞ ጥምቀት ሰሞን ቀዩን አበባ አወጣ። ጌሾው አሁን ሌላ ጥግ ተተክሏል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ቅጠል ያበዛል፣ አበባ አያመጣም። ከረጢቱ ላይ 19-38-7 የሚለው ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር) ደግሞ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ፖታሺየም የለውም፣ ሂቢስከስ ደግሞ ፖታሺየም እንጂ ብዙ ፎስፈረስ አይፈልግም። ለጤፍ የታሰበውን ለጤፍ ተዉት። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ዙሪያውን በትኑለት፣ ግንዱን ሳይነካ። የሙዝ ልጣጭ ካለ ኮምፖስቱ ውስጥ ጨምሩት፣ ፖታሺየም አለው። ትኩስ ፍግ አታድርጉ፣ ሥሩን ያቃጥላል።

እምቡጡ ሳይፈካ የሚረግፍባችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ውሃ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አንድ ሳምንት ደርቆ በማግሥቱ በውሃ ሲጥለቀለቅ እምቡጡን ይጥላል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ላዩ ከደረቀ በደንብ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ሥሩ ላይ ጭድ ብትጎዘጉዙለት እርጥበቱን ይይዝለታል። ሁለተኛው ተባይ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ካለ፣ ጉንዳንም ግንዱ ላይ ከተመላለሰ፣ ነገሩ ይኼው ነው። መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠቡት። ካልለቀቀ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ወደ ማታ የቅጠሉን ሥር እርጩት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠሉን ያቃጥላል።

ደብረ ማርቆስ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እናንተ ከ2,400 ሜትር በላይ ናችሁ። ሂቢስከስ የሙቅ አገር ተክል ነው፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል፣ ውርጭ ከነካው ጫፉ ይጠቁራል። ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ነፋስ በማያገኘው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው በኩል ትከሉት። እንጅባራ ከሆነ በሳጠራ ወይም በባልዲ መትከሉ ይሻላል፣ ታቹ በደንብ ተበስቶ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወደ በረንዳ ታስገቡታላችሁ። ውርጭ ያጠቆረውን ጫፍ ቅዝቃዜው እስኪያልፍ አትቁረጡት።

ስትገርዙ የሚወድቀውን ቅርንጫፍ አትጣሉ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን መርጣችሁ አንድ ስንዝር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዉለት፣ ጥላ ውስጥ እርጥብ በሆነ አሸዋማ አፈር ላይ ሰኩት። አፈሩ እንዳይደርቅ፣ ግን እንዳይጨቀይም። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት እየነቀላችሁ አትፈትሹ፤ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምርና ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ሲል ይዟል ማለት ነው። ያኔ ቀስ በቀስ ፀሐይ አለማምዱት።