በበሶብላ የተጠረጠረው በረንዳ

«አራተኛ ፎቅ ላይ የተተከለው ነገር ምንድን ነው? ልጅ እያሳደግን እኮ ነው!»

መልእክቱ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀው ጠዋት ነው። እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነን። በአራተኛ ፎቅ በረንዳዎች ላይ ከእኔ በቀር ከታጠበ ልብስ ሌላ ነገር ያለው ሰው የለም። እኔ ያለኝ ደግሞ በሶብላ ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ታቹ ተበስቶ፣ አፈርና የደረቀ ፍግ ተሞልቶበት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ የተዘራ።

በሶብላን ማብቀሉ ቀላል ነው፤ ተንኮሉ ያለው መቼ እንደሚቆረጥ ማወቁ ላይ ነው። አበባው የሚፈነዳው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የዘለላው ታች ፍሬ ሲይዝ ጫፉ ገና እንቡጥ ነው። ለሽሮና ለበርበሬ የሚሆነው፣ ከዘለላው ከግማሽ በላዩ አብቦ ከታች አንድ ሁለት ዙር ቡናማ ማለት ሲጀምር ነው። የሽታው ዘይት ያለው ቅጠሉና አበባውን ያቀፈው አረንጓዴ ሽፋን ላይ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ሣር ሣር ይላል። የዘገየ ደግሞ ጉልበቱን ለዘር ሰጥቶ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ ከገለባ አይሻልም። ለዘር ከሆነ ግን መዘግየቱ ግድ ነው፤ የደረቀው ዘለላ መዳፍ ላይ ሲታሽ ደቃቅ ጥቁር ፍሬ ካፈሰሰ ደርሷል።

የእኔው ጥቅምት መግቢያ ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በዚያች ትንሽ መሀል ነው ኮሚቴው የመጣው።

ሰብሳቢው ኮታቸውን ቆልፈው፣ የጥበቃው ጋሼ ዱላቸውን ይዘው፣ የሁለተኛ ፎቋ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ወጣት ደግሞ ስልኩ ላይ ፎቶ ከፍቶ በሬ ላይ ተሰለፉ።

«መቼም አንተን አንጠረጥርም» አሉ ሰብሳቢው። ሲጠረጥሩ የሚመጣ ንግግር ነው። «ግን ይሄ ነገር... ያ ነገር ነው ይባላል።» ሐሺሽ የሚለውን ቃል ደረጃ ላይ መጥራት ፈርተዋል።

ወጣቱ ስልኩን ከቅጠሉ ጎን ያዘው። የካናቢስ ቅጠል እንደ ተዘረጋ እጅ 5፣ 7 ወይም 9 ጣት አለው፤ ጠርዙም መጋዝ ነው። በሶብላ ጣት የሚባል የለውም። ሞላላ ነጠላ ቅጠል፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ወጣቱ አልዋጥ ሲለው ግንዱን በሁለት ጣቱ መሀል እንዲያሽከረክረው ነገርኩት።

«አራት ማዕዘን ነው እንዴ?» አለ ደንግጦ።

ነው። የናና ዘመድ ነዋ። እነዚህ ቤተሰቦች በአብዛኛው ግንዳቸው ድቡልቡል አይደለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰብሳቢው ግን «ሽታውስ?» አሉ። ሽታ ለማጣራት ደግሞ መቀንጠስ ግድ ነው። ሰብሳቢው ቀነጠሱ። ጋሼ ቀነጠሱ። እማማ አንድ ሙሉ ዘለላ ወስደው በመዳፋቸው አሹና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ውይ፣ በሞትኩት! ይሄማ ደርሷል። ምን ትጠብቃለህ? የጥቅምት ብርድ ሊያጠቁርብህ ነው?»

እውነት አላቸው። በሶብላ ብርድ ጠላቱ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል።

«የለም እማማ፣» አሉ ጋሼ፣ «እኛ አገር ዘሩ ሳይጠቁር አይነካም።»

እሳቸውም እውነት አላቸው፤ የሚያወሩት ስለ ዘር ነው እንጂ። ክርክሩ የሚካሄደው ግን በእኔ ጀሪካን ላይ ነው፤ ማስረጃውም እየተቀነጠሰ ይቀርባል። ድምፅ የሰሙ ከላይም ከታችም መጡ። ሁሉም «እስቲ ላረጋግጥ» ይላል፣ ያረጋገጠ ሁሉ ደግሞ ኪሱን ሞልቶ ይወርዳል።

ካልቀረ በወጉ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ከታች ሁለት ጥንድ ቅጠል አስቀርቶ ከዚያ በላይ በመቀስ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። በእጅ ከተመዘዘ ጀሪካን ውስጥ ያለ አፈር ጥልቀት ስለሌለው ሥሩ ይከተላል። ደግሞም የሚቆረጠው ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ነበር፣ እርጥቡን የተቆረጠ ደግሞ ይሻግታል። ማን ሰምቶኝ! ጋሼ አንዱን ከነሥሩ ነቅለው «ይሄ ለመዝገብ» አሉ።

ማታ እማማ ቤት ስወርድ ድርሻቸውን ከምድጃው በላይ በገመድ አንጠልጥለውታል፤ ከሥሩ የወጥ ድስት ይንተከተካል። እንፋሎት እየጠጣ እንዴት ይደርቃል? ፀሐይም አይሆንም፤ ቀለሙን አጥፍቶ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። ሰፌድ ላይ ሳስቶ ተዘርግቶ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት፣ በየቀኑ እየተገለበጠ ነው። አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ይቆይ። ብልቃጥ ውስጥ ከገባ በኋላ መስታወቱ ከውስጥ ካላበው ቶሎ አውጥቶ እንደገና ማስጣት ነው። እማማ ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጡኝና አልጋ ሥር ቦታ እንዳለ ጠየቁኝ። የእኔ አልጋ ሥር።

እርጥብ በሶብላ ሲደርቅ እጅግ ይቀንሳል፤ ከ1 ኪሎ 200 ግራም እንኳ አይወጣም። ከኮሚቴው የተረፈኝ ሲደርቅ አንዲት የቡና ስኒ ሞላች። ሽሮው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ወፍጮ ቤት ሊሄድ ሲል እማማ በሬን አንኳኩ። የእሳቸው አንሷቸዋል።

«ካለህ ትንሽ ጨምርልኝ እንጂ ልጄ፤ አንተ እንደሁ ሽሮ አታስፈጭ!»