ጣና ዳር ወፍ ለማየት መጀመሪያ ውሃውን ተመልከቱ

ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወፍ የት ይታያል?» ብሎ ነው። ከቦታው መቅደም ያለበት ግን ወሩና የውሃው ልክ ነው። የጣና ዙሪያ ረግረግ በክረምት ይሞላል፤ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ እየሸሸ ይሄዳል፣ ወፉም ጠርዝ ጠርዙን ይከተለዋል። ኅዳር ላይ በወፍ የተሸፈነ ሜዳ መጋቢት ላይ ደረቅ መሬት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ። ቀድመው የሚደርሱት ጭቃ ዳር የሚለቅሙት ባለ ቀጭን እግሮች ናቸው፤ ክሬኖቹ፣ ማለትም ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች፣ በጥቅምትና በኅዳር ይመጡና በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ።

ለክሬን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራ ሜዳ የሚተካ የለም። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ በስተግራ፣ በመንገዱና በሐይቁ መካከል፣ ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች ይገኛሉ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። ክሬን ቀን ቀን ማሳ ላይ የረገፈ እህል ሲለቅም ይውላል፤ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ጅብ ወይም ቀበሮ በውሃ ሲጠጋ ይሰማዋልና። ስለዚህ ከማደሪያው ቢያንስ 300 ሜትር ርቃችሁ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ቁጭ በሉ። እነሱ ካረፉ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ያበላሻል፦ አንዱ ቡድን ከተነሳ ሌላውም ይነሳል፣ ከዚያ በጨለማ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ነው።

ማታ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ስለምትሆን ከመንገዱ ወገን የሚታየው ጥላቸው ብቻ ነው። ለመቁጠርና ጩኸታቸውን ለመስማት ማታ፣ መልካቸውን ለማየት ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይሻላል። ግራጫው፣ አንገቱ ጥቁርና ነጭ የሆነው ከውጭ የሚመጣው ክሬን ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን፣ ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ያለው ባለ ዘውዱ ግን የአገራችን ነው። ከግራጫዎቹ መካከል ራሱ ቡናማ የሆነ ካያችሁ ያ የዘንድሮ ጫጩት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከእናትና ከአባቱ ጋር ይሄዳል። እነዚህን ለይቶ መቁጠር ከጠቅላላው ድምር ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ መራባታቸው የሰመረ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

ክሬን የገበሬውን ሽምብራም ይበላል። ማሳ የሚጠብቁት ልጆች ሲያባርሩት ብታዩ አትቆጡ፤ እናንተም ሳታስፈቅዱ ቡቃያ አትርገጡ፣ በማሳው ወሰን ሂዱ።

ባይኖክላር 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላው ጀልባ ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያዘልለዋል። ባለ ሦስት እግሩ ቴሌስኮፕ ለፎገራ ግድ ነው፤ ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሜዳው በሙቀት ስለሚንቀለቀል ከ30 እጥፍ በላይ ማጉላት ብዥታ ብቻ ይሰጣል።

በደን ለተሸፈነው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ጀልባውን በጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሳል። ፔሊካኖች ስታዩ ሞተሩን ከሩቅ አስጠፉ። ዘጌ ከገባችሁ ደግሞ አትሩጡ። ፍሬው የበሰለ ዋርካ ፈልጋችሁ ሥሩ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ፣ ትልቅ ምንቃሩ ላይ ሌላ ቀንድ የደረበው ወፍና ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ራሳቸው ይመጣሉ።

እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ሲያስጨንቅ ኖሯል። እንደ ምንጣፍ በተነጠፈው አረም ላይ የሚራመዱ ወፎች አሉ፣ ያ ግን አያታልላችሁ፤ ክሬንና ዳክዬ የሚፈልጉትን ክፍት ውሃ ይዘጋል።

ክረምትን ብዙ አስጎብኚ ይንቀዋል፤ ያሳዝነኛል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፣ ግን የፎገራ ሩዝ ከፍ ሲል እንደ ፍም የቀላው ትንሽ ወፍ ሩዙ ላይ እየተንጠለጠለ ላባውን ነፍቶ ሴቷን ሲጠራ የሚታየው ያኔ ነው። ከመራቢያው ወቅት በኋላ ቀዩን ላባ ስለሚጥል ከድንቢጥ አይለይም፤ በጥር የሚመጣ እንግዳ አጠገቡ ቆሞ አያውቀውም።