ከ«እኛ» ጋር መታገል

የሩሲያዊው ደራሲ የየቭጌኒ ዛሚያቲን ልብ ወለድ «እኛ» ወፍራም መጽሐፍ አይደለም፤ ግን ይከብዳል። በ1920 እና በ1921 እ.ኤ.አ. ተጽፎ፣ በ1924 በእንግሊዝኛ ኒው ዮርክ ላይ ወጣ። አገሩ ሶቪየት ኅብረት ላይ የታተመው በ1988 ነው።

መጀመሪያ የሚያደናግረው የባለታሪኮቹ ስም ነው። ሰው ሁሉ ቁጥር ነው፦ ዲ-503፣ ኦ-90፣ አይ-330፣ አር-13፣ ኤስ-4711። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር በብሎክና በቤት ቁጥር መጠራት ብርቅ አይደለም፤ ልብ ወለድ ውስጥ ሲሆን ግን ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። መለያው ቀላል ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ወንድ፣ ተጋማሽ ቁጥር ሴት። ይህን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ መሸጎጥ ነው።

ሁለተኛው ችግር የተቆራረጠው ዓረፍተ ነገር ነው። ተራኪው ዲ-503 «ኢንተግራል» የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር የሚሠራ የሒሳብ ሰው ነው። ስለሚኖርበት መንግሥት ሥርዓት ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው፦ ምግብ በአንድ ጉርሻ 50 ጊዜ ይታኘካል፤ የግል ሰዓት ከ16 እስከ 17 እና ከ21 እስከ 22 ብቻ ነው፤ ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው፣ መጋረጃ የሚወርደው ለወሲብ ቀጠሮ በሚሰጥ ሮዝ ቲኬት ነው። የሚያፈቅራት አይ-330 ስትመጣ ግን ሐሳቡን ሳይጨርስ በነጠብጣብ ይተወዋል። አንባቢ ገጽ የጎደለ ይመስለዋል። አልጎደለም፤ ታሪኩ ያለው እዚያው ስብራቱ ላይ ነው። ሴራውን ብቻ የሚከተል ሰው የሚሰለቸውም ለዚህ ነው። በእርሳስ ዓረፍተ ነገሩ የተቆረጠበትን ማስመር ከማንኛውም ትንተና ይበልጣል።

መጽሐፉ ውስጥ እየተመላለሰ የሚነሳው የኔጌቲቭ አንድ ስኩዌር ሩት ነገር የሚያስፈራቸው አሉ። ሒሳቡን ማወቅ አያስፈልግም። ራሱን በራሱ ሲያባዙት ኔጌቲቭ የሚሰጥ ተራ ቁጥር የለም፤ ዲ-503 በልጅነቱ አልቅሶ «አልፈልገውም» ያለው ስሌቱ ውስጥ አልገባ ስላለው ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ቁጥር በመጣ ቁጥር አእምሮው ከቁጥጥሩ ወጥቷል ማለት ነው።

መጽሐፉ ዲ-503 የጻፈው 40 ማስታወሻ ነው፣ እያንዳንዱም አናቱ ላይ የይዘት ፍንጭ አለው። ፍንጩን አንብቦ መግባት፣ ጨርሶ ደግሞ ወደ ፍንጩ መመለስ ያዋጣል። 27ኛው ላይ ተራኪው ፍንጭ መስጠት አልቻልኩም ይላል፤ ከተማውን ከዱር ከሚለየው አረንጓዴ ግንብ ውጭ የወጣው እዚያ ነው። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ በአውቶቡስ አንድ ሁለት ማስታወሻ ይነበባል፤ ከዚያ በላይ መጎተት ግን ያደክማል። መግቢያ ካለው መጨረሻ ላይ ይነበብ፤ መግቢያ ጸሐፊዎች ፍጻሜውን መናገር ይወዳሉ።