የጉድጓድ አፍ ጠባቂ፦ በጅማ ካካሄድኩት ሥልጠና የተማርኩት

ሥራዬ የሠራተኞችን ደኅንነት መከታተል ነው። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶችን፣ የውሃ ማጠራቀሚያዎችንና የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገንዳዎችን የሚያጸዱ 14 ሠራተኞች ዝግና ጠባብ በሆነ ቦታ ውስጥ ያለ አደጋ እንዲሠሩ የማሠልጠን ኃላፊነት የተሰጠኝ ከሦስት ዓመት በፊት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥልጠናዬ በወረቀት ሲታይ የተሳካ፣ በተግባር ሲፈተን ግን የከሸፈ ነበር።

ዝግና ጠባብ ቦታ የሚባለው ሰው ገብቶ ሊሠራበት የሚችል፣ መግቢያና መውጫው ግን የማያመች፣ ሰው እንዲውልበት ታስቦ ያልተሠራ ቦታ ነው። ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ በመሆኗ፣ በተለይም በአዌቱ ወንዝ ዳርና ረግረጋማ በሆኑት ዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ለመሬቱ ገጽ ስለሚቀርብ፣ ጉድጓዶች ቶሎ ይሞላሉ፤ የማጽዳቱም ሥራ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በቡና መልቀሚያ ወራት ደግሞ የእሸት ቡና ልጣጭና እጣቢው የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች እየተብላሉ አየራቸውን ይለውጣሉ። ከላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ ጉድጓድ ነው፤ ሰውን የሚጥለው ነገር በዓይን አይታይም።

በመጀመሪያው ሥልጠና ሁለት ቀን ሙሉ በአዳራሽ ውስጥ ስለ ጋዝ ዓይነቶች አስተማርኩ፤ በመጨረሻም የጽሑፍ ፈተና ሰጠሁና ሁሉም አለፉ። በሦስተኛው ቀን ደረቅና ንጹሕ መሆኑን ባረጋገጥኩት ባዶ የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ልምምድ አደረግን። ወደ ውስጥ የሚገባውን ወጣት ለብቻው ጠርቼ፣ ትንሽ ከቆየ በኋላ ራሱን የሳተ መስሎ እንዲወድቅ ነግሬው ነበር። ልክ እንደወደቀ ሁለቱ ጓደኞቹ በመሰላሉ ተከታትለው ወረዱ፤ ሦስተኛው አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ስሙን እየጠራ ይጮህ ጀመር። ጉድጓዱ እውነተኛ ጋዝ ቢኖረው ኖሮ አራት ሰው አጥተን ነበር። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ቀን በፊት «ጓደኛችሁ ቢወድቅ ምን ታደርጋላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ «ሳልገባ እርዳታ እጠራለሁ» ብለው የጻፉ ናቸው።

ተሰብስበን ስንነጋገር፣ ሁሉም ጋሼ እያሉ የሚጠሩት በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ፣ «ኢንጂነር፣ የምትለው ሁሉ ገብቶናል። ግን ወንድሜ ወድቆ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቁም? ነገ እናቱ ፊት እንዴት እቀርባለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ጋዝ አስተምሬ ስለዚህ ጭንቀት አንድም ቃል አለመናገሬን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ የሚበልጡት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን ገልጿል። አኃዙን አውቀው ነበር፤ በአዳራሹም ጠቅሼዋለሁ፤ ነገር ግን አኃዝ የሰውን እግር አያስርም።

ስለዚህ ሥልጠናውን በሚገባው ሰው ላይ ሳይሆን ውጭ በሚቆመው ሰው ላይ አዙሬ እንደገና ሠራሁት። ለዚህ ሰው «አፍ ጠባቂ» የሚል ስም አወጣንለት፤ ቀልድ የሚመስለው ስያሜ ከማንኛውም ቴክኒካዊ ቃል ይልቅ ቶሎ ተለመደ። አፍ ጠባቂው ከጉድጓዱ አፍ አይለይም፣ ስልክ አያነሳም፣ ሌላ ሥራ አይታዘዝም፣ ምንም ቢፈጠር አይገባም። ገመዱ አንድ ጊዜ ሲሳብ ደኅና ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ሲሳብ ገመድ ልቀቅልኝ፣ ሦስት ጊዜ ሲሳብ አውጣኝ ማለት እንደሆነ ተስማማን፤ ከሠራተኞቹ ገሚሱ አፋን ኦሮሞ፣ ሌሎቹ ዳውሮኛ የሚቀናቸው በመሆናቸው የገመድ ምልክት ከጩኸት የተሻለ የጋራ ቋንቋ ሆነ። ለጋሼ ጥያቄም መልሱ የተገኘው በዚሁ ነው፦ የቆመ ሰው እጁን ያጣጠፈ ሰው እንዳይሆን፣ ቆሞ የሚያድንበት መሣሪያ ሊሰጠው ይገባል።

መሣሪያው ግን ያሰብኩትን ያህል ቀላል አልነበረም። አንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ በገመድ አስረን አራት ሜትር ወደሚጠልቅ ጉድጓድ አወረድንና አራት ጠንካራ ሰዎች በእጃቸው እንዲያወጡት አደረግሁ። ገመዱ የጉድጓዱን ጠርዝ እየታከከ ተያዘ፣ ጆንያው ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ፤ ሲወጣ ሰባት ደቂቃ አልፎ ነበር። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት እንደሚጀምር ስነግራቸው ማንም አልተናገረም። በወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም እንደማይረባ በዚያው ቀን አየን፤ ራሱን የሳተ ሰው በወገቡ ሲጎተት እንደ ታጠፈ ጨርቅ ሆኖ በጠባቡ አፍ አያልፍም። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ሦስት እግር ያለው ማንሻ፣ ሰው ለማውጣት ተብሎ የተሠራ በእጅ የሚሽከረከር ገመድ መጠቅለያ፣ እንዲሁም ትከሻንና ጭንን የሚይዝ፣ ማንጠልጠያው ከጀርባ በኩል የሆነ ሙሉ ቀበቶ ተገዛ። ግዢውን ለማስፈቀድ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት የሚደነግገውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን መጥቀሴ ከልመናዬ ሁሉ ይልቅ ሠርቷል።

ስለ ጋዝ ማስተማሩንም ከሠራተኞቹ ልማድ ጀመርኩ። ብዙዎቹ ኩራዝ ወይም ሻማ በገመድ አውርደው ካልጠፋ ይገባሉ። ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ነው፤ እኛ ግን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አንገባም። ሻማው ከሚብላላ ፍሳሽ ስለሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ምንም አይናገርም፤ ተቀጣጣዩ ጋዝ ሚቴን ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ እሳት ያስነሳል። «ካልሸተተ ችግር የለም» የሚለው እምነት ከዚህ የከፋ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ከሚሊዮን እጅ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው የጠፋ የሚመስለው አደጋው በበረታበት ሰዓት ነው። ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣትን አልከለከልኩም፤ ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ በሳንባ የገባውን ጋዝ ግን አያወጣም። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ቢሆን የሌለ ኦክስጅን አይፈጥርም።

አራት ጋዝ የሚለካው መሣሪያ ከመጣ በኋላ ቅደም ተከተሉን በቃላቸው እንዲይዙ አደረግሁ፦ መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማው፤ ሚቴን ከአየር ስለሚቀል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ስለሚከብድ ልኬቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይወሰዳል። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። በመጀመሪያው፣ አየር የሚነፋውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን ጄኔሬተር ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ማሽኑ የጄኔሬተሩን ጭስ እየሳበ ወደ ውስጥ ሲነፋ፣ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሚሊዮን እጅ 35 እጅ አልፎ መሣሪያው ጮኸ። በሁለተኛው፣ ንጹሕ ልኬት አግኝተን ሰው ካስገባን በኋላ ደለሉን በአካፋ ሲያነሳው ታምቆ የነበረው ጋዝ ተለቀቀ፤ የዳነው መሣሪያው ደረቱ ላይ ስለነበረና አፍ ጠባቂው ሦስተኛውን የገመድ ምልክት ሳይጠብቅ ስላወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ሥራው እስኪያልቅ አይቋረጥም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መቶኛ ያው 20.9 ቢሆንም አየሩ ራሱ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ 19.5 ለእኛ የሚያዝናና ቁጥር አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሰው ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት የሚሞላው የመግቢያ ፈቃድ ወረቀት የመጀመሪያ ጥያቄ መሆኑን ብናገር ያስገርም ይሆናል። ጥያቄው «ሳይገባ ሊሠራ አይችልም ወይ?» የሚል ነው። ፍሳሽ የሚመጥ መኪና፣ ረጅም እጀታ ያለው መቧጠጫና ከላይ የሚረጭ ውሃ ብዙውን ሥራ ስለሚጨርሱ፣ ዛሬ ሰው የምናስገባባቸው ጉድጓዶች ከቀድሞው ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

ያልተፈታው የእሑዱ ሥራ ነው። ሠራተኞቹ በዕረፍታቸው ቀን የግለሰብ ቤት ጉድጓድ ለማጽዳት ይጠራሉ። አንድ ቅዳሜ ማታ አንደኛው መጥቶ «ለነገ ብቻ መለኪያውን አውሰኝ» ሲለኝ የድርጅት ንብረት ነው ብዬ ከለከልኩት፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጠዋት ራሴ ይዤው ጉድጓዱ ወደሚጸዳበት ቤት ሄድኩ። ከጉድጓዱ ታች ኦክስጅኑ 17 በመቶ ነበር። የቤቱ ባለቤት ፍሳሽ የሚመጠው መኪና ዋጋ ተወደደብኝ ብለው ቢያማርሩም በመጨረሻ መኪና ተጠራ። አሁን መለኪያው በፊርማና የሠለጠነ አፍ ጠባቂ አብሮ እስከሄደ ድረስ እንዲወጣ ተፈቅዷል፤ ማንሻውን ግን በባጃጅ መጫን ስለማይቻል እስካሁን ከግቢ አልወጣም።