ኤአይን ስጠይቅ መጀመሪያ የማየው ዓመተ ምሕረቱን ነው

ጉግል ላይ ፈልጎ ሊንክ በሊንክ መክፈት ከተውኩ ቆየሁ። አሁን ጥያቄዬን ለሰው እንደማወራ አድርጌ እጽፋለሁ። ፐርፕሌክሲቲ፣ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ የሚባለው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኢንተርኔቱን አስሶ መልሱን ከነምንጩ ያመጣልኛል። የምሠራው አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ፔሮል እሠራለሁ፣ የሠራተኛ ፋይል እይዛለሁ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የምጠራው እኔ ነኝ። ቤት ስገባ ደግሞ "እስቲ ያንን ነገርህን ጠይቅልኝ" የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሆነ ነገር ስጠይቅ ነው የምውለው።

ስለ ኤአይ ብዙ የሚወራው ከሌለ ነገር ፈጥሮ ያወራል እየተባለ ነው። ያም አለ። እኔን ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ያረጀ እውነት ነው። አንድ ጊዜ ልክ የነበረ፣ በትክክል የተጻፈ፣ ምንጭ ያለው፣ ግን ከተሻረ የቆየ ነገር። ውሸቱን ብዙ ጊዜ ያሳብቅበታል፤ ይሄኛው ግን ሱፍ ለብሶ ይመጣል።

የደመወዝ ግብርን እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ይሄ ተቀየረ። በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ነፃ ሆነ፣ 35 በመቶው የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። እኔ አዲሱን ሰንጠረዥ አትሜ ከኮምፒውተሬ ጎን ለጥፌዋለሁ። እስቲ ኤአዩን ልፈትነው ብዬ "12,000 ብር ደመወዝ ላይ ስንት የሥራ ግብር ይቆረጣል?" አልኩት።

መልሱ ያምራል። ሰንጠረዥ ሠራ፣ ደረጃ በደረጃ አባዛ፣ ደመረ፣ 2,700 ብር አለኝ። ስሌቱ ላይ አንድም ስህተት የለም። ሕጉ ግን የድሮው ነው። በአዲሱ 2,250 ብር ነው የሚቆረጠው። 450 ብር ልዩነት፣ በአንድ ሰው፣ በየወሩ። ይሄን ሳያጣራ ፔሮል ላይ የሚያስገባ ሰው ደመወዝ ቀን ቢሮው በር ላይ ሰልፍ ይጠብቀዋል።

ምንጮቹን ከፈትኳቸው። የሒሳብ ቢሮዎች ጽሑፎች፣ የሥራ ማስታወቂያ ገጾች፣ ግብር ማስያ ድረ ገጾች ናቸው። ሁሉም ከማሻሻያው በፊት የተጻፉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ጥያቄህን ይዘው ይፈልጋሉ፣ ያገኙትን ጥቂት ገጽ ያነባሉ፣ ከዚያ ጨምቀው ያቀርባሉ። የድሮው አዋጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጻፍበት ኖሯል። ስለ አዲሱ የተጻፈው ገና ጥቂት ነው። ከተገኘው ውስጥ ብዙው ስለ ድሮው የሚያወራ ከሆነ መልሱም የድሮው ይሆናል። አንድ ሐረግ ጨምሬ "ከ2017 ማሻሻያ በኋላ" ብዬ ስጠይቀው አዲሱን ሰንጠረዥ አገኘው። ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል፤ ካልጠየቁት ግን አይናገርም።

የእኛ አገር ጉዳይ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹ በሚጽፏቸው ምክሮች ውስጥ ይሄን አታገኙትም።

የአገራችን አዋጅ ቁጥርና ዓመት አለው። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል። አማርኛው ላይ ዓመቱ በእኛ፣ እንግሊዝኛው ላይ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ያው የገቢ ግብር አዋጅ በአማርኛ 979/2008፣ በእንግሊዝኛ 979/2016 ይባላል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን አምጡ። እሱ በአማርኛ 1320/2016 ነው። አንዱ 2016 በፈረንጅ፣ ሌላው 2016 በእኛ፤ በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት አለ። አንድ ቀን ሁለቱንም ባንድ ጥያቄ አንስቼ ነበር። ኤአዩ ምንም ሳይጨንቀው "በተመሳሳይ ዓመት የወጡት እነዚህ ሁለት አዋጆች" ብሎ ጀመረ። ያኔ ሳቄ ነው የመጣው።

የሥራ ሕጉ ላይም እንዲሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ነው፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019። 2011ን በፈረንጅ ካነበበው ሕጉ ከተወለደበት ስምንት ዓመት ቀድሞ ያረጃል። ከዚያ "ከዚህ በኋላ የወጣ አዲስ ሕግ አለ" ብሎ ሌላ ነገር ፍለጋ ይሄዳል።

ሰዓትም አለ። "ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ነው" የሚል የአማርኛ ማስታወቂያ ሰጥቼው ወደ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ቀይርልኝ ብለው ስብሰባውን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያደርገዋል። አሁን አሁን አንዳንዶቹ ነቅተዋል፣ "በኢትዮጵያ ሰዓት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እኔ እንደው ልማድ ሆኖብኝ ዓመቱንም ሰዓቱንም በሁለቱም እጽፍለታለሁ፦ "በ2018 ዓ.ም፣ ማለትም እ.ኤ.አ 2025/26"። ይቺ አንዲት ሐረግ ብቻ የመልሱን ግማሽ ችግር ታስወግዳለች።

ሌላው ችግር ምንጩ ራሱ ነው። የነጋሪት ጋዜጣ ብዙው ኮፒ ኢንተርኔት ላይ ያለው ስካን ተደርጎ ነው። ለእኛ ይነበባል። ለማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ፎቶ ነው፣ ፊደል የለውም። ስለዚህ ዋናውን ሕግ ትቶ ስለ ሕጉ የተጻፈ የሰው ማጠቃለያ ያነባል። ማጠቃለያው ከተሳሳተ እሱም አብሮ ይሳሳታል። ትኩስ መረጃችን ደግሞ ያለው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፣ የጨረታ ዜና፣ የቤትና የመኪና ዋጋ ሁሉ እዚያ ነው የሚለጠፈው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ እነዚህ መሣሪያዎች የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው።

የቤት ኪራይ ጠይቄው አውቃለሁ፣ ገርጂ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ። በዶላር መለሰልኝ። ለውጭ ዜጎች ቤት የሚያከራዩ የእንግሊዝኛ ገጾችን ነበር ያነበበው። ዋጋውን ለአንድ ደላላ ነገርኩት፣ "ወንድሜ እንደሱ የሚከፍል ካገኘህ አምጣልኝ" አለኝ። የኪራይ ሕጉን ግን በደንብ አገኘልኝ፦ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን እንዳለበት፣ አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ እንደማይችል። አዋጁን ከፍቼ አየሁት፣ ልክ ነው። ዋጋ ለደላላ፣ ሕግ ለኤአይ ብዬ ለየሁት።

የምንዛሬ ነገር አጭር ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት የተጻፉ ገጾች ዛሬም አሉ። ስለዚህ የዕለቱን ምንዛሬ ከባንክ ገጽ ላይ እንጂ ከእሱ አልጠይቅም።

እንግዲህ እንዴት ነው የምጠይቀው? መጀመሪያ መልሱን ሳይሆን ሰነዱን እጠይቃለሁ። "ይሄን የሚወስነው አዋጅ የትኛው ነው? ቁጥሩና አንቀጹ ስንት ነው?" ቀጥዬ በሌላ ጥያቄ "ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል ወይ?" እላለሁ። ሁለቱን ባንድ ጥያቄ ካጨቅኳቸው ሁለተኛውን አድበስብሶ ያልፈዋል። ከዚያ ሊንኩን እከፍታለሁ፣ ቁጥሩን ገጹ ውስጥ እፈልጋለሁ፣ የተጻፈበትን ቀን አያለሁ። ከዓረፍተ ነገሩ ጎን ምንጭ መለጠፉ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አንዳንዴ ሊንኩ ይከፈታል፣ የተባለው ነገር ግን ውስጡ የለም። ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረትና ቢቢሲ በጥቅምት 2018 ይፋ ያደረጉት ጥናት፣ ኤአዮች ስለ ዜና የሰጧቸውን ከ3,000 በላይ መልሶች መርምሮ 45 በመቶዎቹ ላይ ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር አግኝቷል። ከምንጭ አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ከባድ ችግር የታየባቸው 31 በመቶ ናቸው።

"አይደል?" ብዬ አልጠይቅም። "የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው አይደል?" ካልኩት አዎ ይለኛል፤ የድሮው ሕግ እንደዚያ ይል ስለነበር ማስረጃም አያጣም። "የሙከራ ጊዜ ስንት ነው?" ስለው ግን 60 የሥራ ቀን የሚለውን የአሁኑን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ይሉኝታ ያለበት ሰው ይመስል የጠያቂውን ስሜት ይከተላል።

ቋንቋም እቀያይራለሁ። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እጠይቀዋለሁ። በእንግሊዝኛ የሕግ ቢሮዎችን ማብራሪያ ያገኛል፣ በአማርኛ የአገር ውስጥ ዜና። ሁለቱ ከተስማሙ ሰነዱን ለማረጋገጫ ያህል እከፍታለሁ። ካልተስማሙ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አማርኛውና እንግሊዝኛው የአዋጅ ቅጂ ራሱ ከተጋጨ ደግሞ በሕግ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ይሄን በ1987 የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ይደነግጋል። ኤአዩ ይሄን ካልነገሩት ብዙ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛው ነው የሚያደላው።

እስካሁን ሳማው ነው የቆየሁት። ጎበዝ የሆነበትም ቦታ አለ፣ ያውም በጣም። እህቴ ከአሜሪካ ታይሌኖል ላከች። እማዬ ቤት ውስጥ ፓራሲታሞል አላት። "የአሜሪካው ለራስ ምታቴ ነው፣ የኛው ለወገቤ፣ ሁለቱንም ልዋጠው?" አለችኝ። ጠየቅኩት። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፣ አሜሪካኖቹ አሴታሚኖፈን ይሉታል እንጂ። አንድ ላይ ሲወሰዱ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ያው ነገር እንዳለ ጨመረልኝ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት ገጽ ላይ አመሳከርኩት፣ ተስማማ። ሰፈር ያለው ፋርማሲስትም ያንኑ አለን፣ እማዬ ደግሞ የምታምነው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ለምን አልሳተም? ስለ ፓራሲታሞል በመላው ዓለም ተጽፏል፣ መጠኑም በየዓመቱ አይቀየርም። የኤክሴል ፎርሙላ ስጠይቀው፣ የፕሪንተር የስህተት ቁጥር ስሰጠው፣ ሁለት ላፕቶፕ አወዳድርልኝ ስለው የሚያስደስተኝም በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ጥያቄ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የማስበው ስለዚህ ጉዳይ ስንት ሰው ጽፏል፣ በስንት ጊዜውስ ይቀየራል የሚለውን ነው። ብዙ የተጻፈበትና የማይቀየር ከሆነ ዘና ብዬ እቀበለዋለሁ። ጥቂት የተጻፈበትና ቶሎ የሚቀየር ከሆነ መልሱን እንደ ጥቆማ ብቻ ነው የማየው። ግብር፣ ፈቃድ፣ ክፍያ፣ ቪዛ፣ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

በቅርቡ ያጋጠመኝን ልጨምር። አንዲት ባልደረባዬ አምስት ዓመት ሠርታለች፣ የዓመት ፈቃዷ ስንት እንደሆነ ኤአይ ጠይቃ "18 ቀን ነው" አላት። ልክ ነው። ማብራሪያውን ሳየው ግን የቆጠረው በተሻረው አዋጅ 377/1996 ነበር፦ 14 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን። በአሁኑ ሕግ 16 ቀን ሆኖ ለእያንዳንዱ ሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ነው የሚጨመረው። አምስት ዓመት ላይ ሁለቱ መንገዶች 18 ላይ ይገናኛሉ። እሷ "ታዲያ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። ለእሷ ምንም የለውም። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ግን ሦስት ዓመቱ ነው። ያንኑ መልስ ተውሶ "14 ሲደመር 2፣ 16 ቀን አለኝ" ብሎ ፎርም ሞልቶ መጣ። አዋጁን ከፍቼ አንቀጽ 77ን አሳየሁት፣ 16ቱን ሰርዞ 17 ጻፈ፣ ፈረምኩለት።