ቪርስ ሚል ሳይቆፈር የምንለው አለን

በቪርስ ሚል ሮድ በእግር የምትሄዱ ሰዎች መሬቱ ላይ የተረጨውን ቀለም አይታችሁት ይሆናል። አንዱ ጋ ቀይ መስመር፣ ሌላው ጋ ሰማያዊ ቀስት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢጫ ነጠብጣብ። የሕፃን ሥራ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ቀለም የሚነግረን ነገር አለ። ቀዩ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ቢጫው ጋዝ፣ ብርቱካናማው ስልክና ኢንተርኔት፣ ሰማያዊው የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴው ፍሳሽ። ሮዙ የቀያሾች ምልክት ነው። ነጭ ካያችሁ ደግሞ እዚያ ጋ ለመቆፈር ታስቧል ማለት ነው። በአሜሪካ ምድር ሳይቆፈር በፊት ከሥር ያለው ሁሉ እንዲህ ምልክት ይደረግበታል። እኔ ነጩን ቀለም ሳይ ቆም እላለሁ።

መንገዱ ሥራ ሊበዛበት ነው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዊተን ሜትሮ ተነስቶ ሮክቪል ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚደርስ ፈጣን ባስ ያመጣል። ስሙ ፍላሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን ከበርተንስቪል የሚያገናኘው የ29 ቁጥር መንገድ ፍላሽ ከጥቅምት 2020 በፈረንጆቹ ጀምሮ እየሠራ ነው። በሜሪላንድ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ባስ እሱ ነበር። የኛው ሌላኛው ይሆናል ማለት ነው። ስቶፖቹ ይሠራሉ፣ መጋጠሚያዎቹ ይሰፋሉ፣ የእግረኛ መንገድና ማቋረጫ ይስተካከላል።

እኔ የሆም ኬር ሠራተኛ ነኝ። መኪና የለኝም። ጠዋት ከዊተን ተነስቼ ወደ ትዊንብሩክ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አስፐን ሂል አካባቢ ሌላ ቤት አለኝ። ስለዚህ ይህን መንገድ የማውቀው ከመስታወት ኋላ ሆኜ አይደለም። የትኛው ስቶፕ መጠለያ እንዳለው፣ የትኛው ምሰሶ ብቻ እንደሆነ፣ በረዶ ሲጥል የማጽጃው መኪና በረዶውን ገፍቶ የት ላይ እንደሚከምረው አውቃለሁ። የሚከምረው እኛ ቆመን የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ነው። ያኔ ሰው አስፋልቱ ላይ ወርዶ ይቆማል፣ መኪናው በአጠገቡ ይበራል።

እናቶቻችንም እዚያው ናቸው። በዚህ ሰፈር ጠዋት አዛውንቶች ወደሚውሉበት አዳልት ዴይ ኬር የሚሄዱ፣ እሑድ በነጠላ ተጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ባስ የሚጠብቁ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። ስለ መንገድ ሲወራ ግን የሚሰማው የሚነዳው ሰው ድምፅ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው።

በቅርቡ ቡና ቤት ውስጥ ኡበር የሚነዱ አንድ ጋሼ ጋር ተከራከርን።

«አንቺ ልጅ፣ ሌናችንን ወስደው ለባስ ሊሰጡት ነው አሉ» አሉኝ። «እኔ በምን ልብላ?»

«ጋሼ፣ ሙሉውን መንገድ አይወስድም እኮ» አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው እንደሳቸው ነው የሚያስበው። የካውንቲው ምክር ቤት በ2017 ለቪርስ ሚል የመረጠው ንድፍ ባሱ ከዳር እስከ ዳር የራሱ መንገድ ያለው አልነበረም። ዋናው ሥራ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ባሱ መብራት ጋ ሲደርስ ከተሰለፉት መኪናዎች ጎን በአጭር ሌን ያልፍና ወደ ፊት ይወጣል። መብራቱም ባሱ እየመጣ መሆኑን ካወቀ አረንጓዴውን ጥቂት ሰከንድ ሊያቆይለት ይችላል። በተረፈ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። የ29 ባስ ወደ ሰሜን ሲሄድ የመንገዱን ትከሻ ይዞ ይከንፋል። ደቡቡ ጋ፣ ኮልስቪል ሮድ ላይ ሲገባ ግን እንደማንኛውም መኪና ተሰልፎ ይቆማል። አንድ ሰው ብቻውን የተቀመጠበት መኪናና ስድሳ ሰው የያዘ ረጅም ባስ እኩል ወረፋ ሲጠብቁ ማየት አይዋጥልኝም። በቪርስ ሚል አጫጭሮቹ ሌኖች በገንዘብ ምክንያት እንዳያጥሩ ወይም እንዳይቀሩ እፈራለሁ። ንድፍ ሲጀመር ያለውና አስፋልት ሲነጠፍ የሚገኘው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ጋሼ ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ሥራው ሲጀመር ይጎዳሉ። ሁላችንም እንጎዳለን። ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ሰው ይህን ከፐርፕል ላይን ያውቃል። ያ ባቡር ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ ነው። ግንባታው በ2017 ተጀመረ፣ በ2022 ያልቃል ተብሎ ነበር። በ2020 በገንዘብ ክርክር ምክንያት ዋናው ገንቢ ሥራውን ጥሎ ወጣ። አዲስ ገንቢ እስኪገባ ብዙ ቦታ ላይ ሥራው ቆመ፣ አጥሩ ግን አልተነሳም። አሁን የሚጠበቀው ከ2027 መጨረሻ እስከ 2028 መጀመሪያ ባለው ክረምት ነው። ቦኒፋንት ስትሪት ላይ ያሉ ትንንሽ ሱቆች በዚያ ሁሉ ጊዜ በአጥርና በአቧራ መካከል ከረሙ። ከነሱ ውስጥ የኛም ሰዎች ነበሩበት። ፓርኪንግ የለም፣ በሩ አይታይም፣ ደንበኛው ዞሮ ይሄዳል። ኪራይ ግን በየወሩ መጀመሪያ ይመጣል።

የቪርስ ሚል ሥራ ሐዲድ የለውም፣ ስለዚህ በስፋቱም በጊዜውም ያን ያህል አይሆንም። ቢሆንም ዊተን ላይ እንጀራ የሚሸጡ፣ ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ፀጉር የሚሠሩ ሰዎች ከወዲሁ መጠየቅ አለባቸው። በሬ ፊት ለፊት የሚቆፈረው መቼ ነው? ደንበኛ በየት ይገባል? «ሱቁ ክፍት ነው» የሚል ምልክት ማን ይተክላል? ዕቃ የሚያራግፍ መኪና የት ይቆማል? ይህን ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ መጠየቅ ትርፉ መጨቃጨቅ ነው። አሁን ከተጠየቀ በውሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ማቋረጫው ልምጣ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ቪርስ ሚል አንዳንድ ቦታ ላይ ስድስት ሌን ይደርሳል። በአንዱ መብራትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ረጅም ነው። ስቶፑ ደግሞ መብራት በሌለበት መሃል ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ስትሄዱ በዚህ ወገን ትሳፈራላችሁ፣ ስትመለሱ በዚያኛው ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ባስ የሚጠቀም ሰው በቀን አንዴ የግድ መንገዱን ያቋርጣል። ከሰኔ 29፣ 2025 ጀምሮ የካውንቲው ራይድ ኦን ባስ በሙሉ ነፃ ሆኗል፣ ፍላሹም ጭምር። ትልቅ ነገር ነው፤ በወር ውስጥ የሚያድነው ገንዘብ ለኔ ቢጤ ቀላል አይደለም። ግን ነፃውን ባስ ለመያዝ መጀመሪያ በሕይወት መሻገር አለባችሁ።

አንዲት የምንከባከባቸው እማማ አሉ። በዎከር ነው የሚሄዱት። አብረን መብራት ላይ ስንቆም ነጩ የሰው ምልክት ይበራል፣ እንጀምራለን። መሃል ሳንደርስ ቁጥሩ መቁጠር ይጀምራል። እማማ ቁጥሩን አይተው መቸኮል ይጀምራሉ፣ ያኔ ነው የሚያስፈራው። «ተረጋጊ ልጄ» ይሉኛል፤ የሚንቀጠቀጠው ግን የሳቸው እጅ ነው።

ቁጥሩ የሚቆጥርበት ጊዜ እንዴት እንደሚሰላ ጠይቄ አንብቤአለሁ። የአገሪቱ መመሪያ እግረኛ በሰከንድ 3 ጫማ ተኩል ይራመዳል ብሎ ነው የሚነሳው። 80 ጫማ ስፋት ላለው መንገድ ወደ 23 ሰከንድ ማለት ነው። በሰከንድ 2 ጫማ ተኩል የሚሄድ ሰው ግን 32 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ያ የ9 ሰከንድ ልዩነት ለእማማ ብዙ ነው። ደስ የሚለው ነገር መመሪያው ራሱ ቀስ ብለው የሚሄዱ ሰዎች በሚበዙበት ቦታ ጊዜው እንዲረዝም ይፈቅዳል። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት እንጂ። አስፋልት መስበር አያስፈልግም፣ የመብራቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ቁጥር መቀየር ነው።

ሌላው እግረኛው ከመኪናው ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ እንዲጀምር ማድረግ ነው። ቀኝ የሚታጠፈው ሹፌር አረንጓዴ ሲበራለት እናንተ ዜብራው ላይ ናችሁ፣ ያያችኋል። መደበኛ መብራት በሌለበት ቦታ ደግሞ ሆክ የሚባል የማቋረጫ መብራት አለ። እግረኛው ቁልፉን ካልተጫነ ጨለማ ነው። ጨለማ ሲሆን ሹፌሩ ያልፋል። ሲጫኑት ቢጫ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ሁሉም ይቆማል። በኋላ ቀዩ ብልጭ ብልጭ ሲል ቆሞ፣ ሰው አለመኖሩን አይቶ መሄድ ይቻላል። ይህን የማያውቁ ሹፌሮች ብዙ ናቸው፣ የኛም ሰዎች ጭምር። ፈተና ስንፈተን ብዙዎቻችን አላጋጠመንም።

ካውንቲው በ2016 ቪዥን ዜሮ የሚለውን ዕቅድ ተቀብሏል። በ2030 በመንገድ ላይ የሚሞትና ክፉኛ የሚጎዳ ሰው እንዳይኖር ነው ዓላማው። ሐሳቡ የመጣው ከስዊድን ነው፣ በ1997። መነሻው ሰው ይሳሳታል፣ መንገዱ ግን በስሕተቱ እንዳይገድለው ተደርጎ ይሠራ የሚል ነው። በዚህ አምናለሁ። ሰው ሲገጭ «ለምን በዜብራ አልተሻገረም?» የምንል አለን። ዜብራው የት ነው ያለው? ሩብ ማይል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በጉልበት ሕመም፣ በየካቲት ብርድ? እስቲ አንድ ቀን መኪናችሁን አቁማችሁ ሞክሩት።

ለሚነዱት ደግሞ ይህን እላለሁ። የመንገድ ሥራ መኖሩን የሚያሳየው ብርቱካናማ ምልክት ከተተከለ በኋላ ቀስ በሉ። በመጋቢት 2023 ባልቲሞር አጠገብ በ695 አውራ ጎዳና ላይ ሲሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች በመኪና ተገጭተው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሜሪላንድ ሕግ ጠበቀ። ከጥር 2025 ጀምሮ በሥራ ዞን ካሜራ ከተወሰነው ፍጥነት 12 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ ሰው ከ60 ዶላር ጀምሮ ይከፍላል፤ 40 ማይል ካለፈ 500 ዶላር ነው። ሠራተኞች በቦታው ካሉ እጥፍ ይሆናል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከቅጣቱ በላይ የስድስቱ ሰዎች ነገር ነው የነካቸው መሰለኝ። «ሁሉም ቤተሰብ አለው» አሉ።

ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ይደውል። ከካውንቲው ውጭ ከሆናችሁ 240-777-0311 ነው። «አማርኛ» በሏቸው፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። አማርኛ በዚህ ካውንቲ መረጃ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቪርስ ሚል፣ ጆርጂያ አቬኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡልቫርድ፣ ኮልስቪል ሮድ የስቴት መንገዶች ናቸው። ፈጣን ባሱ የካውንቲው፣ አስፋልቱ የስቴቱ። አንዱ «የኔ አይደለም» ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ «ታዲያ የማን ነው? ስልኩን ስጡኝ» በሉ። የጥያቄ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ጻፉት። ስትደውሉ «መንገዱ አደገኛ ነው» ብቻ አትበሉ። የትኛው ስቶፕ፣ በየትኛው ወገን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደሚሆን ንገሯቸው።

ገንዘቡን የሚወስነው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። የስድስት ዓመቱን የግንባታ በጀት ጥር ላይ ይቀበላል፣ የሕዝብ ሐሳብ ይሰማል፣ በግንቦት ያጸድቃል። ማንም ነዋሪ መናገር ወይም ጽፎ መላክ ይችላል። በስብሰባ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ጥቂት ቀን ቀድማችሁ ማሳወቅ ነው።

እኔ የምጠይቃቸው ነገሮች ተጽፈዋል። አዲሶቹ ስቶፖች መብራት ወይም ሆክ ካለበት ማቋረጫ እንዳይርቁ። ከዴይ ኬሮቹ አጠገብ ያሉ መብራቶች ሰከንዳቸው እንዲጨመር። ሥራው ሲጀመር ጊዜያዊው ስቶፕ የት እንደሆነ በአማርኛና በስፓኒሽ ምሰሶው ላይ እንዲለጠፍ፣ ምክንያቱም በስልክ የሚመጣውን መልእክት እማማ አያዩትም። በረዶ ሲጥል ስቶፑን የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅ።

ጋሼ አብረውኝ ለመሄድ እሺ ብለዋል። እሳቸው ስለ ሌኑ፣ እኔ ስለ ዜብራው እንናገራለን። ከዊተን ወይም ከአስፐን ሂል የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ፣ መኪናቸው ውስጥ ሦስት ቦታ አለ።