በደርወንት ሸለቆ፣ ከግድቦቹ በላይ

መጋቢት ተጋምሷል። እንግሊዝ አገር ፀደይ ገባ የሚባልበት ሰሞን ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ግን አሁንም እጅ ያደነዝዛል። ከጓደኛዬ ጋር ወፍ ለማየት ከሼፊልድ በሌሊት ተነስተን፣ ሲነጋጋ ፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደርወንት ሸለቆ ደረስን። እዚህ ሦስት ግድቦች ተከታትለው ተሠርተዋል፦ ላይ ሃውደን፣ መሀል ደርወንት፣ ታች ሌዲባወር። ሌዲባወር የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ሲሞላ ሁለት መንደሮች ውሃ ውስጥ ቀርተዋል።

«ውሃው ላይ ብዙ ወፍ እንዳትጠብቅ» አለኝ ጓደኛዬ ገና ከመኪና ሳንወርድ። እውነቱን ነበር። ወደ ግድቦቹ የሚወርደው ውሃ ተራራው ላይ ካለው ፒት ከሚባል፣ በከፊል ከበሰበሰ ዕፅዋት ከተፈጠረ ጥቁር አፈር የሚመጣ ነው። አሲዳማ ነው፤ ለዕፅዋትና ለነፍሳት የሚሆን ምግብ ብዙም የለውም። በዚያ ላይ ጥልቅ ነው። ቢሆንም አራት ጎልደንአይ ዳክዬዎች አገኘን። ወንዱ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይወረውርና ጀርባው ላይ ያሳርፋል። ሴቷን ማማለሉ ነው። የብርዱን ወራት እዚህ ያሳልፉና አብዛኞቹ ለመራባት ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ መሽኮርመሙ ግን እዚሁ ይጀመራል።

እኔን ያመጣኝ ጎስሆክ ነው። ከጭልፊት ወገን ነው፤ ትልቅና ኃይለኛ። ዓመቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ማየት ከባድ ነው። በፀደይ መጀመሪያ ግን ፀሐይ በወጣ ቀን ከዛፎቹ በላይ ወጥቶ ግዛቱን ያስከብራል። ግድቡን የከበበው የጥድ ደን ፊት ለፊት ቆምን። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ቁራዎች ብቻ። አጠገባችን ቴሌስኮፕ የተከሉ አንድ አዛውንት «ዛፎቹን ተዉአቸው፣ ሰማዩን እዩ» አሉን።

ከዚያ መጣ። ክንፉን በዝግታ፣ አየሩን የሚቀዝፍ ይመስል፣ ከደኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ከጅራቱ ሥር ያለው ነጭ ላባ ተነፍቶ የተባዘተ ጥጥ መስሏል። ድንገት ክንፉን አጥፎ ቁልቁል ተወረወረ፤ ዛፎቹን ሊነካ ሲል መልሶ ሽቅብ ተመዘዘ። ባይኖኩላሩን የያዝኩበት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርዱ አይደለም።

ይህ ወፍ ከብሪታኒያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ያሉት በአብዛኛው ከአዳኝ ወፍ አሠልጣኞች ያመለጡና ሆን ተብለው የተለቀቁ ወፎች ዘሮች ናቸው። ዛሬም በሕግ እየተጠበቀ የሚገድለው አለ። አዛውንቱን ጎጆው የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። ደስ አለኝ፤ እኔም ለማንም አልነግርም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጣን። አናቱ ሜዳ ነው፤ የእኛው አስታ ዘመድ የሆነው ሄዘር ሸፍኖታል። ግማሽ ነጭ፣ ግማሽ ቡናማ የሆነ የተራራ ጥንቸል ከእግራችን ሥር ተፈትልኮ ሮጠ። የብርዱን ጊዜ ነጭ ፀጉር ገና እየለወጠ ነው። ከዚያ ከርሉ ተሰማ፤ ያ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የተቆለመመው ወፍ። ድምፁ ከዝቅታ ይነሳና እየፈጠነ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። ብሪታኒያ ውስጥ ቁጥሩ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ይህን እያወቁ መስማት ልብ ይነካል። ሄዘሩ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሳናወራ፣ እስኪያበቃ አዳመጥነው።

ስንወርድ የድንጋይ ካብ ላይ አንድ ትንሽ ወፍ ብድግ ቁጭ ይላል። ዊቲር! ግራጫ ጀርባ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭረት፣ ሲበር ከጅራቱ በላይ ነጭ ብልጭ የሚል። ወንድ ነው፤ ቀድመው የሚደርሱት ወንዶቹ ናቸው። 25 ግራም ገደማ ብትመዝነው ነው። ከሰሃራ በታች ከርሞ፣ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ እዚህ ካብ ላይ አረፈ። «የዘንድሮ የመጀመሪያዬ!» አለ ጓደኛዬ። ወፉ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ፊት ፊታችን ቁልቁል ወረደ። እኛም እንዳናስደነግጠው ቀስ ብለን ተከተልነው።